በሴቶቹ በር የታየው ሰው

ባሕሪያን ፈሪ ናት የሚል ሰው ካለ ገዳሪፍን አያውቃትም። ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ በሎሪ ሾፌሮችና በደላሎች መሀል፣ ብቻዋን የኮምፒዩተር ሱቅ ከፍታ የምትሠራ ሐበሻ ሴት እሷ ነበረች። ነጋዴ ሲጮህባት ትጮህበታለች። የመንግሥት ሰው መጥቶ ወረቀት ሲጠይቃት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ሻይ አስመጥታ፣ ጠጥቶ እስኪሄድ ሥራዋን ትቀጥላለች። ታዲያ ይህችው ሴት፣ በእኛ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ሁለት፣ አዲሱ ሰሊጥ ገበያ በገባበት ሰሞን፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምክንያቱን ለማንም አልነገረችም።

ነገሩ ከአንድ ሽማግሌ ይጀምራል። ገዳሪፍ ክንፉ ትለዋለች። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ግን ጋረደው ነው። የአርማጭሆ ሰው ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለና፣ የሟች ወንድሞች ደም ሊመልሱ ሲነሡበት፣ በመተማ በኩል ሾልኮ ሱዳን ገባ። ያስጠጉት የባሕሪያ አባት ሐጅ እስማኤል ናቸው፤ ስሙን እንዲለውጥ የመከሩትም እሳቸው። ከዚያ ወዲህ በሐጁ መጋዘን ጫኝ፣ አውራጅ፣ ጠባቂ ሆኖ ኖረ። ባሕሪያን በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው። ሐጅ እስማኤል ሊሞቱ ሲያጣጥሩ ልጃቸውን አስጠግተው፣ "ይህ ሰው አማናችን፣ አደራችን ነው" አሏት። "እውነተኛ ስሙን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። አጎትሽም ቢሆን አይስማ። ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

ከአፏ አልወጣም፤ ይህን ማንም ይመስክርላት።

አሁን ስለ ሱቋ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የመጣባት ጣጣ አይገባችሁም። በሱቁ ጥግ ቀን ከሌሊት የማይጠፋ አንድ ኮምፒዩተር ነበራት። በውስጡ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ይሠራል። የሰርቨሩ ሥራ ሰው ከፖርት ሱዳንም ይሁን ከሪያድ በኢንተርኔት ሲጠይቀው የተጠየቀውን ገጽ አውጥቶ ማሳየት ነው። ይኸኛው ከሲስተሙ ጋር ታሽጎ የመጣ፣ ተሠርቶ ያለቀ ነበር። ባሕሪያ በእሱ ላይ የዕለቱን የሰሊጥ ዋጋ ታወጣለች፤ እንጀራዋ እሱ ነው።

ከዚያ ታናሽ እህቷ ሳብሪን አገባች። የገዳሪፍን ሠርግ ላላየ ሰው፣ የሠርጉ ቤት ሁለት በር አለው፤ በአንዱ ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች ይገባሉ። በሴቶቹ ሖሽ፣ ማለት በግቢያቸው፣ ሙሽራዋ ፀጉሯን ለቃ፣ እጅ እግሯ በሒና ተውቦ ትጨፍራለች። ወንድ ዝር አይልም። ፎቶ ግን ይነሣል፤ ሪያድና ጅዳ ያሉት አክስቶችና የአክስት ልጆች ካላዩት ኩርፊያው ለልጅ ልጅ ይተርፋላ።

እና ባሕሪያ ምን አደረገች? በኮምፒዩተሩም ላይ ሁለት በር አበጀች። የወንዶቹን ፎቶ ከሰሊጡ ዋጋ ጎን፣ በታሸገው ሰርቨር ላይ፣ ላየው ሁሉ ክፍት አድርጋ አወጣችው። የሴቶቹ የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ያን ደግሞ በታሸገው ላይ እየነካካች ስትሞክር የሰሊጡ ገጽ ቢበላሽ ነጋዴው ሱቋን በላይዋ ላይ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የሰርቨሩን አዲስ ቅጂ ምንጭ ኮድ፣ ማለት ገና ያልተገነባውን ጥሬ ጽሑፉን፣ አወረደች፤ እዚያው ማሽን ላይ ራሷ ገነባችው፤ ከታሸገው ጋር እንዳይደባለቅ በራሱ ቦታ አስቀምጣ የሴቶቹን ፎቶ በእሱ ላይ አወጣች። የታሸገው በተለመደው በር፣ የገነባችው ደግሞ ስምንት ሺህ ሰማንያ በሚባለው በር እንግዳ ይቀበላሉ። በአንድ ግንብ ሥር የሚኖሩ የማይጠያየቁ ጎረቤቶች በሏቸው። አንዱን ብትዘጋው ሌላው ወሬውንም አይሰማ። በሥራዋ ኮርታ ነበር፤ ለምንስ አትኮራ።

ሠርጉ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት መልስ፣ ጋረደው ሱቁ ገባ። ወንበር ስባ ብትሰጠው አልተቀመጠም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ባሕሪያዬ፣ እኔ እዚያ ሳጥን ውስጥ አለሁ እንዴ?" አላት፤ በአገጩ ወደ ኮምፒዩተሩ እያመለከተ።

"ምን ሆነህ ነው አያ?"

"ጫኞቹ ይሥቁብኛል። ክንፉ በኢንተርኔት ወጣ ይሉኛል። እኔ በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም፤ ታውቂያለሽ። አለሁ ወይስ የለሁም?"

ሠርጉን ስታስብ እህቷን እንጂ እሱን አላሰበችም ነበር። የወንዶቹን ፎቶ ከፍታ እያንዳንዱን ታይ ጀመር፤ እሱም ከጀርባዋ ቆሞ ትንፋሹ አንገቷን እየነካት ያያል። አገኙት። ከእንግዶቹ ኋላ፣ የውኃ ጀሪካን ይዞ፣ ግማሽ ፊቱ ይታያል። ባሕሪያ ፎቶውን ደመሰሰችው፤ ሰርቨሩን አስነሥታ እንደገና አየች፤ የቀሩትን ሁሉ እስከ መጨረሻው አገላበጠች።

"የለህም፤ ወጥተሃል።"

"ደህና አድርገሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ አያ። በአማና።"

ይህን ቃል ሲሰማ ጋረደው ተቀመጠ። ውኃ ጠየቃት፤ ጠጥቶ፣ አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ሄደ። የእሷ ቃል ለእሱ ከማኅተም በላይ ነበር።

የሴቶቹን ፎቶ ግን አላየችም። ለምን ታያለች? በሴቶቹ ሖሽ ወንድ አይገባም። ይህ ለገዳሪፍ ልጅ ከፊደል በፊት የሚማሩት ነገር ነው፤ ወንድ ጠፋብኝ ብሎ በሴቶቹ በኩል የሚፈልግ የለም። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሠርጉ ለት የሥጋው ድስት ከብዷቸው ሴቶቹ "አያ ክንፉ፣ ና አግባልን" ብለው ጠርተውታል። ያሳደጋቸው ሰው ነው፤ ወንድነቱን ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። ድስቱን ታቅፎ በመሀላቸው ሲያልፍ አንዷ ካሜራዋን ቀጭ አደረገችበት። ባሕሪያ ያን ሰዓት፣ አባቷ ስለሌሉ፣ በወንዶቹ በር እንግዳ ታስገባ ነበር። ፎቶዎቹንም ሴቶቹ ከሰጧት ካርድ በጅምላ ገልብጣ እንጂ አይታ አላወጣቻቸውም።

ሰሊጡ ገበያ ገባ። መንገዱ በሎሪ ተጨናነቀ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ባሕሪያ የዕለቱን ዋጋ አውጥታ እንደጨረሰች፣ አንድ ቀጭን ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጫማው የአገር ቤት የላስቲክ ጫማ ነው። ሰላምታው የደጋ ጎንደሬ ነው።

"እህቴ፣ እንደምን አደርሽ። ሰው ፈልጌ ነበር። ሐበሻውን ሁሉ ታውቃለች ቢሉኝ ነው የመጣሁ።"

"ማንን?"

"ጋረደው የሚባል ሰው።"

ባሕሪያ ክው አለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ይህን ስም ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። እሷ ራሷ ለብቻቸው ሲሆኑ እንኳ "አያ" ብላ ትተወዋለች እንጂ አትጠራውም። ፊቷ እንዳያስታውቅባት ጎንበስ ብላ መሳቢያ ውስጥ የሌለ ነገር ፈለገች።

"እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም" አለች።

"መልኩን ብታይው ታውቂው ይሆናል።" ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት።

አየችው። የእናቷ ቤት ሖሽ ነው። የሳብሪን በሒና የጠቆረ እግር ከዳር ይታያል። አክስቶቿ እያጨበጨቡ ነው። በመሀላቸው ጋረደው ትልቁን ድስት ታቅፎ፣ አፉን ሞልቶ ይሥቃል። ሙሉ ፊቱ። የሴቶቹ ፎቶ ነው፤ የሴቶቹ በር። "በአማና" ያለችበት አፏ ደረቀ።

"ይህን ማን ሰጠህ?"

"ባለቤቴ ልካልኝ ነው። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ዘሐራ የምትባል ጎረቤት አለቻት፤ የዘመዶቼ ሠርግ ብላ በኮምፒዩተር አሳየቻት፤ ሰውየውን ግን እሷም አታውቀው።" ዘሐራ የባሕሪያ የአክስት ልጅ ናት። የይለፍ ቃሉን የሰጠቻት ራሷ ባሕሪያ ናት። "ባለቤቴ የዚያ በጋረደው እጅ የሞተው ሰው የወንድም ልጅ ናት። የጋረደውን መልክ በቤታቸው በነበረ የድሮ ፎቶ ታውቀዋለች። እኔ ምስጋና እባላለሁ፤ የጋረደው እህት ልጅ ነኝ። ደሙ ታርቋል፣ እህቴ። ወደ አገሩ ልወስደው ነው የመጣሁ።"

እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ሁኑ። የሟች ወንድም ልጅ አየችው። መልኩን በቤት ፎቶ አቆይተውታል። ስሙን ይዞ ሰው መጥቷል። ደሙ ታርቋል ይላል፤ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? ልገድለው ነው የመጣሁት ብሎ የሚገባ ደመኛ አለ? ታርቋል ተብሎ ተጠርቶ፣ ነጭ ለብሶ ወጥቶ፣ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ወሬ በመተማ መንገድ ሞልቷል። ባሕሪያ በዚህ ወሬ ነው ያደገችው።

"ይህ ለሠርጉ ድስት እንዲሸከም የቀጠርነው ሰው ነው" አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስል አላት። "ወደ ሾዋክ ሄዷል መሰለኝ። ስሙንም አላውቀው።"

ወጣቱ ትክ ብሎ አያት። "እሺ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሎካንዳ ከሚሉት ማደሪያ ቤት ነው ያረፍኩት። ካገኘሽው እዚያ ነኝ በይው" አለና ወጣ።

የሱቁን በር ከውስጥ ቀረቀረችው። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። ሌላ ሰው ሳያየው ያንን በር መዝጋት አለባት። ጣቷ የለመደውን የማቆሚያ ትእዛዝ ጻፈ፤ ማሽኑም ቆሟል ብሎ መለሰላት። ጠርሃዋን፣ ሻሿን፣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መጋዘኑ ልትሮጥ ስትነሣ ስልኩ ጮኸ። ሙዳሲር ነው፤ የፖርት ሱዳን ሰሊጥ ላኪ።

"ያ ኡስታዛ፣ የሰሊጡ ዋጋ የት ገባ? ገጹ የለም እኮ።"

ተመልሳ ኮምፒዩተሩን አየች። የዘጋችው የታሸገውን ነበር። አጭሯ ትእዛዝ የምትሄደው ወደ ታሸገው ሰርቨር ነው፤ በገዛ እጇ የገነባችው ግን ያለበት ቦታ ከነሙሉ አድራሻው ካልተጻፈ አይሰማም። ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። ደንጋጣ ጣት ግን የለመደውን ነው የሚጽፈው። የሴቶቹን በር ከፍታ አየች። ጋረደው ድስቱን ታቅፎ ይሥቃል። ሙሉውን አድራሻ ልትጽፍ ሞከረች፤ ፊደል ዘለለች። ደገመች፤ አሁንም ተሳሳተች። ላብ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ገባላት፤ የሴቶቹ በር ተዘጋ። ምን ዋጋ አለው፤ ፎቶው በሰውየው ኪስ ውስጥ እየዞረ ነው። ስልኩ ደግሞ ይጮሃል፤ ሌላ ነጋዴ፣ ከዚያ ሌላ። የሰሊጡን ገጽ ሳትመልስ፣ ስልኩን እንደጮኸ ጥላው ወጣች።

ጋረደው መጋዘኑ ጥላ ሥር ተቀምጦ የጆንያ አፍ ይሰፋ ነበር። በቀጥታ ከመሄድ ይልቅ ሰው እንዳይከተላት በአትክልት ተራ ዞራ ነው የደረሰችው። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ ሰው በሌለበት በሹክሹክታ፣ ሁሉንም ነገረችው። የሴቶቹን ፎቶ አለማየቷንም ነገረችው። እሱ ግን ጆንያውን መስፋቱን አላቆመም።

"ስሜን ጠራው?"

"ጠራው።"

"መልኩ እንዴት ያለ ነው?"

"ቀጭን ነው። ጥርሱ ፍንጭት ነው።"

"እህቴ አሰጋሽም ፍንጭት ናት" አለ። አንድ ስፌት ሳብ አድርጎ ደግሞ፣ "ደመኞቼም ቤት ፍንጭት አይጠፋም" አለ።

"ደሙ ታርቋል ይላል አያ።"

እጁ ቆመ። ያን ጊዜ በፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ባሕሪያ እስከ ዛሬ አትረሳውም። አንድ አፍታ የልጅ ፊት ሆነ። ወዲያው ተመልሶ ተዘጋ።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አላት። "አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርግ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታስብ ነበር፤ ትጠይቅ፣ ታጣራ ነበር። ፍርሃት ግን ፋታ አይሰጥ። አንዴ ወጥተሃል ብላ ዋሽታዋለች፤ ሳታውቅም ቢሆን ዋሽታዋለች። አሁን ደግሞ ሂድ ተቀበለው ብላው ቢታረድ በምን ዓይኗ በወዲያኛው ዓለም አባቷን ታያለች?

"እኔ አላምነውም" አለችው። "ሂድልኝ አያ። ዛሬውኑ።"

አልተከራከራትም። ጋቢውንና ትንሿን ዘንቢሉን አንሥቶ፣ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ የሚሄድ የማዳበሪያ ሎሪ ላይ ወጣ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሣ ጎንበስ ብሎ፣ "የት እንደምወርድ አልነግርሽም" አላት። "ካላወቅሽ አትጠየቂም። ደግሞ ሰው እንዳትልኪብኝ። ማንም መጥቶ ባሕሪያ ልካኛለች ቢለኝ አላምነውም፤ ጥዬለት ነው የምሄድ።"

"እሺ" አለች።

ሎሪው ሄደ። ያን ሰሞን ነው እንግዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር የምትንቀጠቀጠው። ተያዘ፣ ተገደለ የሚላት ድምፅ ይጠብቃታል።

ምስጋና ተመልሶ መጣ። ሾዋክ ደርሶ፣ ዞሮ ዞሮ፣ አቧራ ለብሶ። አልተቆጣትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጆቹን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ አቀረቀረ።

"እናቴ ታማለች፣ እህቴ" አላት። "ወንድሜን ሳላይ አልሞትም ብላ ነው የላከችኝ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?" እንባው ጫማው ላይ ጠብ አለ። አልጠረገውም።

ባሕሪያ አየችው። ይህ የነፍሰ ገዳይ ለቅሶ ነው? ሆዷ ባባ፤ ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። እንዲቆይ በእጇ ምልክት ሰጥታው ወደ ጓዳ ገባችና መተማ ላለው አጎቷ ለሉጥፊ ደወለች። አባቷ ከአፍሽ እንዳይወጣ ያሉትን ስም፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ ተናገረች።

"ጋረደው?" አለ ሉጥፊ በወዲያ በኩል። "የአርማጭሆው? ልጄ፣ ያ ደም የታረቀው ድሮ ነው። ያንቺ አባት በሞቱ በዓመቱ። ከሙስሊም ነጋዴው ወገን ለሽምግልና ከተጠሩት አንዱ እኔ ነኝ፤ የእርቁን በሬም የኛን ለብቻ አርደን በልተናል። ሁለቱ ቤቶች ልጆቻቸውን አጋብተዋል። ሰውየውን ግን ባስፈልግ ባስፈልግ አጣነው፤ ሞቷል ብለው ቤተሰቦቹ ተስካሩን አውጥተውለታል። ምነው፣ ምን ሰማሽ?"

ስልኩን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ጋረደው ይህን ሁሉ ዓመት እሷው አጠገብ፣ በእሷው ዝምታ ተደብቆ፣ የሌለ ደመኛ ሲፈራ ኖሯል። አጎቷን አንድ ቀን ብትጠይቀው ኖሮ አገሩ በገባ ነበር።

እውነቱን ለምስጋና ነግራው አብረው ሾዋክ ሄዱ፤ ኸሽም ኤል ቂርባ ወረዱ፤ በየእርሻው፣ በየመጋዘኑ፣ በየሐበሻ ቤቱ ጠየቁ። ክንፉ የሚባል ሰው ያየ የለም። ስሙን ዳግም ለውጦ ይሆናል። በዚያው በከተማው ግድብ አጠገብ አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻ፣ "እንዲህ ያለ ሽማግሌ ጠያቂ መጣ ሲሉት በዚያው ሌሊት ጠፋ" አለቻቸው። ጠያቂዎቹ እነሱ ነበሩ። ምስጋና ብቻውን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ባሕሪያ አንድ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። የድስቱን ፎቶ አወጣች። ከሥሩ በአማርኛም በዐረብኛም ጻፈች፤ ደሙ ታርቋል፣ እህትህ ትጠብቅሃለች። በታሸገውም፣ በገነባችውም ሰርቨር፣ በሁለቱም በር፣ ያለ ይለፍ ቃል ልታወጣው ነው። ከፖርት ሱዳን እስከ ከሰላ ያለ ነጋዴ ሁሉ የሰሊጥ ዋጋ ሊያይ ሲገባ ያየዋል።

የመጨረሻዋን ቁልፍ ልትጫን ጣቷን አሳረፈች፤ ግን አልተጫነችም። ጋረደው ማንበብ አይችልም። ያየው ሰው ይነግረዋል። አንተ ሽማግሌ፣ በኢንተርኔት ወጥተሃል፣ አገር ሁሉ እየፈለገህ ነው ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚባለውን እሱ ቆሞ አይሰማም። ያገኘው ሎሪ ላይ ወጥቶ ካለበትም ይርቃል።

ጣቷን አነሣች። ጽሑፉን ደመሰሰች፤ የዕለቱን የሰሊጥ ዋጋ ታወጣ ጀመር። ጋረደው ያን ሰዓት በአንዱ እርሻ ዳር ሎሪ በቆመ ቁጥር ብድግ እያለ ይሆናል። ከእሷ በቀር የሚያሳድደው ሰው አልነበረም።